ለጀማሪ የሚከብድ ጥሩር

ቁልፍ ሠሪው ለደንበኞቹ «አንድ ጥሩ ቁልፍ ይበቃል» እያለ ይመክራል፤ የራሱ ቤት በር ላይ ግን አራት ደርድሯል። ሌባ ቢመጣ እንኳ ሁሉንም ፈቶ እስኪጨርስ ጡረታ ይወጣል እያሉ ጎረቤቶቹ ይቀልዱበታል። ቁልፎቹ የተገጠሙት እናትና አባቱ ካረፉ በኋላ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚሰረቅ ዕቃ አልነበረም። ታናሽ እህቱ ነበረች።

ያቺ ታናሽ አድጋ ነርስ ሆነች። ነርስ መሆኗ ባልከፋ፤ ተኩስ የሚሰማበት ወረዳ ድረስ ለሚሄድ የድንገተኛ ክሊኒክ ሰው ሲፈለግ፣ ከሥራ ክፍሏ ሁሉ እጇን ያወጣችው እሷ ሆና ተገኘች። አውቶቡሷ ዛሬ አመሻሽ ላይ ይነሣል። ቁልፍ ሠሪው ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ፤ አንዱም አልሠራለትም። የቀረው አንድ ተንኮል ነበር፤ የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ውስጥ ሊያስገባት አሰበ።

ጨዋታው ከሱቁ ጓዳ፣ ቁልፍ ከሚቀረጽበት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚካሄደው። እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ላይ አንድ ተዋጊ ይፈጥራል፤ ጥሩር የሚባለውን የጦር ልብስ ያለብሰዋል፣ መሣሪያ ያስይዘዋል። ዳኛው ታሪኩን ይተርካል፤ ማን እንደሚመታና ማን እንደሚተርፍ ዳይስ የሚሉት ባለ ሃያ ገጽ የቁጥር ጠጠር ይወስናል። ዳኛው በሥራ ቀን መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፤ ስለዚህ በሰው ስህተት አይደነግጥም። ሦስተኛዋ ተጫዋች ጥርስ ሐኪሟ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ «አይዞህ፣ አያምም» ስትል ከርማ፣ ቅዳሜ በመዶሻ የጠላት መንጋጋ ታወርዳለች።

ቤቱ አንድ ደንብ አለው። ጀማሪ የመጀመሪያ ትጥቁን ራሱ አይመርጥም፤ ያመጣው ሰው ያስታጥቀዋል። ጀማሪ ሲባል የሚያምረውን እንጂ የሚያድነውን አያይምና። ጥርስ ሐኪሟ በመጀመሪያ ቀኗ ከቁመቷ የሚበልጥ ሰይፍ መርጣ፣ ዋሻ ውስጥ የምታወዛውዝበት ቦታ አጥታ በአይጥ ተበልታለች። ደንቡ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የቁልፍ ሠሪው ተንኮል ይኸው ነበር። እህቱን ስስ ልብስ ያለብሳታል፤ በመጀመሪያው ውጊያ ትሞታለች። በወረቀትም ቢሆን አንዴ የሞተ ሰው አውቶቡስ ላይ ለመውጣት እግሩ ይከብደዋል ብሎ ነው።

«እኔ ምን ልሁን?» አለች እህቱ ወንበር እየሳበች።

«ፈዋሽ የለንም» አለ ዳኛው።

«እዚህም ሥራ?»

ቁልፍ ሠሪው እስክሪብቶውን አነሣ። «የቆዳ ልብስ» ብሎ ጻፈ። «ወንጭፍ» ብሎ ጨመረ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ። ቆዳ አንገት አይሸፍንም። ቀና ሲል የእህቱን አንገት አየ፤ በልጅነቷ ብርድ እንዳይገባው እሱ ራሱ ሻርፕ ሲጠመጥምበት የኖረው አንገት ነው። ሁለቱንም ሰረዘ። በምትኩ ሙሉ የብረት ጥሩር ጻፈ። የራስ ቁር። ትልቅ ጋሻ። ከባድ ዱላ። ዱላው ቢሰበር ጩቤ።

ጥርስ ሐኪሟ በትከሻው በኩል አየችና፣ «አንተ፣ የምታስታጥቀው ፈዋሽ ነው ወይስ የባንክ ካዝና?» አለችው።

«ምን አገባሽ።»

«ጀማሪ ናት፤ ጉልበቷ ትንሽ ነው» አለ ዳኛው። «ይህን ሁሉ ተሸክማ በግማሽ ፍጥነት ነው የምትሄደው። በጥድፊያም አይወልቅም።»

«ቀስ ብላ ትሂድ። ማን ቸኮለ?»

እህቱ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ጋሼ፣ ወንጭፉን ለምን ሰረዝከው? ወድጄው ነበር።»

«ወንጭፍ ለወፍ ነው።»

«ከሩቅ ሆኜ የምመታበት እኮ ነው። እንዳልጠጋ የምትፈልገው አንተ አይደለህ?»

ቁልፍ ሠሪው ዳይሱን ወደ ዳኛው ገፋለት።

ውጊያው ድልድይ ላይ ሆነ። ከፊት የቁልፍ ሠሪው ተዋጊ ነበር፤ ከብዙ ውጊያ የተረፈ፣ ሁሉም «ሽማግሌው» የሚሉት ሰው፤ ወረቀቱ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ በፕላስተር ነው የተያዘው። እህቱ ከድልድዩ አፍ ላይ፣ ከኋላ ቆመች። ከገደሉ ጫፍ የመጀመሪያው ፍላጻ ወደ እሷ መጣ። ዳይሱ ተንከባልሎ አሥራ አምስት ላይ ቆመ።

«ብረቱ መልሶታል» አለ ዳኛው። «ብረት ለመብሳት አሥራ ስምንት ያስፈልግ ነበር።»

ቁልፍ ሠሪው ወደ እህቱ ዞረ። «አየሽ?» አላት።

በሚቀጥለው ዙር ግን መጥረቢያ የያዘ ጠላት ሽማግሌውን ደረቱ ላይ አገኘው። ሽማግሌው ድልድዩ መሐል ወደቀ። የወደቀ ሰው ፈዋሽ በሦስት ዙር ካልደረሰለት አለቀለት።

«እሮጣለሁ» አለች እህቱ።

«በዚህ ልብስ አትሮጪም። ትራመጃለሽ።»

«እንግዲያው አወልቀዋለሁ።»

«ማውለቁ ከመራመዱ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።»

«ጋሻውን ጣልኩት። ዱላውንም። ቁሩንም።»

«ወድቀዋል። ጥሩሩ ግን እላይሽ ላይ ነው።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ቁልፍ ሠሪው ያጠበቀው ግን እንደሚሸጣቸው ቁልፎች ነበር፣ የሚፈታ አልነበረም። እህቱ ቀልዱን ትታ ወደ ጠረጴዛው ተደፍታለች። ፊቷ ላይ ያለው የጨዋታ ፊት አልነበረም፤ የሥራ ፊቷ ነው፣ እሱ አይቶት የማያውቀው። ዙሩ አንድ ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆኖ አለፈ።

«ደርሰሻል» አለ ዳኛው። ቀጥሎም፣ «ሞቷል» አለ።

በደንቡ የሞተ ሰው ወረቀት ለዳኛው ይሰጣል። ዳኛው እጁን ዘረጋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቁልፍ ሠሪው አለቀቀም። ዳኛውም እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«በቆዳው ብሆን እደርስልህ ነበር» አለች እህቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«በቆዳው ብትሆኚማ» አለች ጥርስ ሐኪሟ፣ ጥርስ ስትነቅል እንደምታደርገው ሳታመነታ፣ «ለዚያ ፍላጻ አሥራ ሁለት ይበቃው ነበር። አሥራ አምስት ነው የወጣው። ገና ከድልድዩ አፍ ላይ ትቀሪ ነበር።»

ቁልፍ ሠሪው ወደ ዳኛው ዞረ። «ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?»

«እኔ ተማሪዎቼን ፍሬኑ የቱ እንደሆነ አሳያቸዋለሁ» አለ ዳኛው። «ከዚያ በኋላ ከመኪናው ወርጄ ነው የማያቸው።»

እህቱ ተነሣች። «ልታስፈራኝ ነበር፣ አይደል ጋሼ?»

«አዎ።»

«ፈርቻለሁ።»

«ታዲያ ቅሪ።»

«ያስፈራኝ እኮ መሞት አይደለም። እያየሁህ መዘግየቴ ነው።»

በሩ አጠገብ የቆመውን ሻንጣዋን ለማንሣት ሞከረች። ጠዋት አዘጋጅቶ የዘጋው ወንድሟ ነው። በሁለት እጇም አልነሣ ሲላት ወለሉ ላይ ከፈተችው። የውሻ ማሰሪያ የሚያህል ሰንሰለት ወጣ። ጓጉንቸር ቁልፍ ወጣ፣ ሌላም ጓጉንቸር። ብረት አፍንጫ ያለው የሱ ቡትስ ጫማ፣ በሁለት ቁጥር የሚሰፋት። መጨረሻ ላይ ወፍራም ብረት አወጣችና አገላብጣ አየችው።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የበር መወርወሪያ። ከውስጥ የሚዘጋ።»

«ጋሼ፣ ክሊኒኩ ድንኳን ነው።»

«ምን?»

«ድንኳን። ነግሬህ ነበር። ያኔ አኩርፈህ አልሰማህም።»

ጥርስ ሐኪሟ ለመሳቅ ያሰበች መሰለች፤ የሰውየውን ፊት ስታይ ተወችው። እህቱ ብረቱን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳይሱ ጎን ከመረችው። የሥራ ልብሷን፣ የሕክምና ቦርሳዋን፣ አንድ ሹራብ መልሳ አስገባችና ሻንጣውን ዘጋች። ከዚያ ሻንጣውን ወደ ወንድሟ ገፋች።

«እስኪ አንተው አንሣልኝ።»

አነሣው። በሁለት ጣት የሚያዝ ነበር። ጠዋት ወገቡን ሲያጎብጠው ልቡ አርፎ ነበር፤ አሁን ቅለቱ አስፈራው።

ተከትሏት ወጣ። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ጎን ለጎን ሄዱ። እሷ ስለ መንገዱ፣ ስትደርስ ስለምትደውልበት ሰዓት ታወራለች፤ እሱ «እሺ» ይላል። አንድም ቃል አልገባውም። ድንኳን በምን እንደሚቆለፍ እያሰበ ነበር።