ቶል የምትባል ቃል

ደግሞ አሁን የአያቱን ቃል አመጣ፣ ቶል ይላል ሰውዬው፣ ምላሱን ጥርሶቹ መሀል ሰክቶ፣ ከስኮትላንድ የመጣ እንግዳ ፓስተር፣ ቴምፕል ከተማ ድረስ፣ ለሐበሻ ቸርች መዝገበ ቃላት ሊያነብ፣ ስምዖን ማይኩን ይዞ ጎኑ ቆሟል፣ ልቡ ውልቅ ብሏል፣ ግን ይተረጉማል፣ ቶል ማለት መሸከም ነው፣ ስቃይን ችሎ ዝም ማለት፣ እንግሊዞች ከሺህ ዓመት በፊት ይሉት ነበር፣ በኋላ ብዙዎቹ ረሱት፣ ስኮቶችና የሰሜን ገበሬዎች አቆዩት፣ እሰይ፣ እንኳን አቆያችሁት፣ መስታወት ውስጥ አስቀምጡት።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሩሐማ ተቀምጣለች፣ ታናሽ እህቱ፣ በግንቦት ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ። ከሻርፑ ሥር ያለውን የጣት ሰንበር ስምዖን ያውቃል። ባሏ ጉልላት ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ፔጀሩን ቀበቶው ላይ ሰክቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይነቅንቅ እንጂ፣ ስብከቱ በልኩ ተሰፍቶለታል።

ቃሏ አገራችን ፍርድ ቤትም ትገባለች ይላል ፓስተሩ፣ አንዴ ችሎት ቆሞ ቶል ያደረገ ሰው በዚያው ጉዳይ ዳግም አይከሰስም፣ ይስቃል፣ ቆንጆ ቃል አይደለችም? ቆንጆ ናት ጌታዬ፣ ያንተን ጉሮሮ ማን ነክቶት።

አንተስ፣ ስምዖን፣ ባለፈው ኦክቶበር ሩሐማ ኮል አድርጋ፣ ጋሼ፣ ልጆቹን ይዤ አንተ ጋ ልምጣ? ስትልህ። ሺፍት ልገባ ነው አልካት። ጸልዪ። ቻይው፣ ለቸርቹም ስም አስቢ። አያት የለህ፣ ስኮትላንድ የለህ፣ በገዛ አፍህ ነው ያልከው፣ ከዚያ አቢዴል መጋዘን ሄደህ ስምንት ሰዓት ሳጥን ስትደረድር ዋልክ፣ ቱ፣ ወንድም ተብለህ፣ በዚህ ሰውዬ ለመሳቅ አንተ ማን ነህ።

እህቶችን ንገርልኝ ይላል ፓስተሩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቶል አድርጉ በልልኝ።

ስምዖን ማይኩን ወደ አፉ ያስጠጋል፣ ፈርቷል፣ አዳራሹ ይጠብቃል።

ሩሐማ፣ ይላል በአማርኛ፣ ቻይው ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ በድዬሻለሁ፣ ዛሬውኑ ልጆቹን ይዘሽ እኔ ቤት ነይ።

ጉልላት መነቅነቁን ያቆማል፣ ፓስተሩ ብቻ፣ የራሱ ስብከት መስሎት፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሜን ይላል።