ሜዳ ላይ ያደገው ተርኪ

ከበቡሽ የመጀመሪያዋን የዶሮ ቁራሽ አላምጣ አላምጣ በግድ ዋጠችና ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «ጣዕም የለውም» አለች። ለገሰ ይህን ሲሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስ አለው።

ደስ ያለው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሚስቱ ከታመመች ጀምሮ የሚነግሩት ነገር ሁሉ እሱ እጁን ሊያስገባበት የማይችለው ነገር ነበር። ስለ ዕጢው መጠን፣ ስለ ደሟ፣ ስለ መድኃኒቱ ሲያስረዱት ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ሥራ አልነበረውም። ጣዕም የለውም ማለት ግን የሚገባው ነገር ነው። የአሜሪካ ዶሮ ጣዕም የለውም የማይል ሐበሻ የት ይገኛል? በሰርጉም በለቅሶውም የሚወራው ይኸው ነው፤ ፀሐይ አያይ፣ አፈር አይጭር፣ ተጨናንቆ አድጎ ተጨናንቆ ይታረዳል እየተባለ። እንግዲህ ጥፋቱ የዶሮው ከሆነ ሌላ ዶሮ ይገዛል።

ደግሞ ያለችው ማን ሆነችና! ቸርቻቸው ውስጥ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር፣ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ድስቱን ከማውጣታቸው በፊት ከበቡሽን ያስጠሯት ነበር። መዳፏ ላይ ጠብ ያደርጉላታል፤ እሷም ላስ አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቅላ፣ «ጨው ይቀረዋል» ወይም «ኮረሪማው በዝቷል» ትላለች። ይግባኝ የለም። አንድ ጊዜማ «ይኼ ወጥ ጨው ሁለቴ ተደርጎበታል» ብላ ፈርዳ፣ ሲጣራ እውነትም ሁለት ሴቶች አንዷ ሌላዋን ሳታይ ጨምረውበት ተገኘ። ሴቶቹ ስቀው ሊሞቱ ነበር፤ ለገሰም ይህን ታሪክ ለስንቱ ሰው እንዳወራው እሱ ራሱ አያውቀውም።

ስለዚህ ፍለጋ ጀመረ። ከሐላል ሥጋ ቤት ያን ቀን የታረደ ዶሮ አመጣላት። ጣዕም የለውም። ኦርጋኒክ የሚል የተለጠፈበትን አመጣ። የለውም። የበግ ጎድን፣ የጥጃ አጥንት ሾርባ፣ ያው ነው። እሷም ላለማስቀየም ሁለት ሦስቴ ትጎርስና፣ ማንኪያውን በቀስታ ታስቀምጣለች። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት ክር ጠምጥማበታለች። ዶክተሯ ደግሞ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው፤ ኪሎዋ በዚሁ ከቀነሰ ሰውነቷ ስለማይችለው ሕክምናውን እናቆማለን አለች። የሚቀጥለው ሚዛን ከታንክስጊቪንግ፣ ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ በኋላ ያለው ሰኞ ነው።

«ዳዲ» አለችው ሮዳስ፣ የዚያን ቀን ከክሊኒኩ ወጥተው ፓርኪንጉ ጋ ሲደርሱ። ሮዳስ ልጃቸው ናት፤ ክሪስታል ሲቲ ቢሮ ትሠራለች፤ እናቷ ቀጠሮ ሲኖራት ፈቃድ እየጠየቀች አብራ ትመጣለች። «ፕሮብለሙ ሥጋው አይደለም። ኬሞው ነው። የምላሷን ቴስት ያጠፋዋል፤ ሲጀመር'ኮ ኤክስፕሌን አድርገውልናል።»

«በሁሉም ሰው ላይ አይደለም ብለዋል።»

«ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ነው ያሉት፣ ዳዲ።»

«እናትሽ ብርድ እንዳይመታት በሩን ክፈቺላት» አላት። ለገሰ የማይፈልገው ወሬ በመጣ ቁጥር የሚከፈት በር አያጣም።

ከዚያ ፀሐዩ መጣ። ፀሐዩ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ከለገሰ ጋር የሚሠራ፣ በማያውቀው ነገር ሁሉ አስተያየት ያለው ሰው ነው። «ኦርጋኒክ ማለት'ኮ ወረቀት ነው፣ ወንድሜ» አለው። «ዋናው መዋያው ነው። ፓስቸር ሬዝድ የሚሉትን ፈልግ። ሜዳ ላይ ሣር እየነጨ፣ ፌንጣ እየለቀመ ያደገ። አምና አለቃችን ቤት ተርኪ በልቼ፣ እመነኝ፣ የናቴን ቤት ዶሮ ነው የመሰለኝ።»

«የዋጋውን ያህል ይጣፍጣል?»

«እሱን ሚስትህ በልታ ትንገርህ።»

ለገሰ ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ገበያ ሄደ። ለታንክስጊቪንግ የሚታረደውን ተርኪ፣ ያን ትልቁን የፈረንጅ ዶሮ፣ አስቀድማ የምታስመዘግብ አንዲት ገበሬ ነበረች፤ ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች እስኪያጉረመርሙ ድረስ በጥያቄ አፋጠጣት። «ይራመዳል?» አላት። ቀኑን ሙሉ አለችው። «ፀሐይ ያገኛል?» ዝናብም ያገኛል አለችና ሳቀች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችው፤ ተርኪዎቹ በረጅም ሣር መሐል አንገታቸውን አስግገው ይሄዳሉ። ለገሰ ፎቶውን እያየ ልቡ ሞቀ። የነገረችው ዋጋ በግ ሊገዛ ምንም የማይቀረው ነበር፤ ቢሆንም አስመዘገበ። በኋላ ሊወስድ ሲመጣ ደግሞ፣ ከማብሰልህ በፊት ሌሊቱን ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ብላ መከረችው። ይህ ከሁሉ በላይ አስደሰተው። ዶሮ በጨው መታጠብ እንዳለበት የሚያውቅ ፈረንጅ እስከዚያ ቀን አጋጥሞት አያውቅም ነበር።

ታንክስጊቪንግን በየዓመቱ የሚያከብሩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የከበቡሽ ታናሽ ወንድም መስፍን ቤት ነው። መስፍን ዋጋውን በስልክ ሲሰማ ጮኸ። «ጋሼ! ተርኪ'ኮ ተርኪ ነው! እኛ ሰፈር ግሮሰሪ በነፃ ሊሰጡህ ምንም አልቀራቸው። ምነው ብትነግረኝ?»

«ዘንድሮ ተርኪውን የማመጣው እኔ ነኝ» አለ ለገሰ። «ጣዕም ያለው ብታገኝ ትበላለች። ትበላለች፣ መስፍኔ።»

መስፍን መከራከሩን ተወ። «እሺ ጋሼ። አምጣው» አለ።

ከበቡሽ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ሁሉንም ትሰማ ነበር። «ፓስፖርትም አለው ተርኪህ?» አለችው።

«ሳቂ አንቺ። ስትቀምሺው እናያለን።»

እሷም ለረጅም ጊዜ ፊቱን አየችው። በዚህ ወር ከስቷል፤ የታመመችው እሷ ሆና ልብስ እሱንም ሰፍቶታል። «እንግዲህ ያድርግለት» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

በዋዜማው ለገሰ በረንዳው ላይ ትልቁን ኩለር አውጥቶ ውሃ ሞላበት፣ ጨው በእፍኝ እየዘገነ ጨመረ፣ የሎሚ መዓት ጨመቀበት። ዶሮ እንዴት እንደሚታጠብ ሚስቱ ስታደርግ ሲያይ ነው የኖረው። ጠዋት አንጠፍጥፎ፣ ጠቅልሎ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርሱ ለመስፍን ሚስት ለእንግዳወርቅ እንደ አራስ ልጅ አስረከባት።

«ታጥቧል?» አለችው እጅጌዋን እየሰበሰበች።

«በጨውና በሎሚ! ሌሊቱን ሙሉ!»

«ጎሽ!» አለች እንግዳወርቅ። ታጥቧል ማለት ታጥቧል ነው፤ ጨው ተደርጎበታል ማለት አይደለም። ሁለቱም እንዲህ ነው ያሰቡት፤ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላው ያቆመው ነበር። ቅቤውንና ነጭ ሽንኩርቱን ደባልቃ፣ ጨውዋን አንስታ፣ «ትልቅ ስለሆነ ካልጠገበ ወደ ውስጥ አይዘልቅም» እያለች ከላይም ከሆዱም አሸችው። ለገሰ አጠገቧ ቆሞ «ጨምሪበት፣ ጨምሪበት» ይላታል። ተርኪው ምድጃ ገባ።

ከበቡሽ ከኩሽናው ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ተደርጎላት ተቀምጣ ነበር። እንግዳወርቅ ጎመኑን አማስላ፣ በማንኪያ ከመረቁ ጨልፋ፣ እንደ ልማዷ ዞር አለችና «እትዬ፣ እስቲ መዳፍዎን» ብላ ጀመረች። ከዚያ ቆመች። ማንኪያውን ወደ ራሷ አፍ መልሳ «ደህና ነው» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። ከበቡሽ ግን መዳፏን ዘርግታ ነበር። ቀስ ብላ ጭኗ ላይ መለሰችው።

ገበታው ሲቀርብ መስፍን ጸለየ። በዚያ ቤት ደንብ ከመብላት በፊት ሁሉም በየተራው የሚያመሰግንበትን ነገር ይናገራል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት፣ ስለ መንጃ ፈቃድ እየተባለ ለገሰ ዘንድ ደረሰ። «ጌታ ስለ ከበቡ ይመስገን» አለ።

ቢላዋውን ያነሳው እሱ ነው። ተርኪው ቀይ ወርቅ መስሎ፣ ቆዳው ጥብስ ብሎ ነበር። ከጭኑ በኩል ለስለስ ያለውን መርጦ ቆረጠና የከበቡሽ ሳህን ላይ አደረገው። ማንም ሌላ ሰው እጁን አልሰደደም። ሮዳስ እንኳ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች።

ከበቡሽ ጎረሰች። አላመጠች። ለገሰ አገጯ ሲንቀሳቀስ እያየ ሳያውቀው እሱም ባዶ አፉን ያላምጥ ነበር። ሰኞ፣ ሚዛኑ፣ ዶክተሯ፣ ሁሉም ነገር እዚያች ቁራሽ ላይ ነበር። ዋጠች። ቀና ብላ አየችው።

«ይኼማ ጣዕም አለው» አለች። «ሥጋ ማለት ይኼ ነው። ጨዉም ልክ ነው።»

እንግዳወርቅ እልልታዋን አቀለጠችው። መስፍን «ጌታ ይባረክ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ለገሰ እንባውን መያዝ አቃተው፤ በእጁ ጀርባ እየጠረገ «አላልኩሽም፣ ሮዳስ? አላልኩሽም?» ይላል። ሮዳስ አፏን ከፍታ እናቷን ታያለች፤ ፊቷ ላይ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ተስፋ የሚመስል ነገር ነበር። ሁሉም እየተሳሳቀ ቆረጠ። ለገሰም ለራሱ ቆረጠና ጎረሰ።

ጨው ነበር። ሥጋው፣ ሣሩ፣ ሜዳው፣ ምኑም የለም፤ ምላስ የሚያኮማትር ጨው ብቻ። በድንጋጤ ቀና ሲል መስፍን ውሃ እየተጎነጨ ነው። እንግዳወርቅ ናፕኪን አፏ ላይ ይዛ ሳህኗን ታያለች። ሮዳስ ፎርኳን አስቀምጣለች፤ የቅድሙ ነገር ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። ከበቡሽ ብቻ ሁለተኛ ቁራሿን እየቆረጠች ነበር።

ለገሰ በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ሐኪሞቹ የነገሩት፣ ሮዳስ ፓርኪንጉ ውስጥ የነገረችው፣ አልሰማም ብሎ በር የዘጋበት ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባው። ከሥጋው አልነበረም። ከዶሮውም ከበጉም አልነበረም። ያች ጨው ሁለቴ መደረጉን ከአንድ ጠብታ የምታውቅ ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ጨው ትበላለች። ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ምን ብሎ ይንገራት?

«ጣፍጧል» አለ። ሌላ ቆርጦ ጎረሰ።

«በጣም» አለ መስፍን፣ ዓይኑን እያርገበገበ፣ እሱም ጎረሰ። እንግዳወርቅም ሮዳስም ጎረሱ። የውሃው ጆግ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ፤ ባለቀ ቁጥር አንዱ ይነሳና ይሞላዋል። ከበቡሽ ጆጉን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልበላችም።

ሲመለሱ ገና በጊዜ ጨልሞ ነበር። እንግዳወርቅ የተረፈውን በፎይል ጠቅልላ ሰጥታቸው ከበቡሽ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ሮዳስ በራሷ መኪና ቀድማ ሄዳለች። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ከመግባታቸው በፊት ለገሰ አልቻለም፤ ነዳጅ ማደያ ቆመና ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ገዝቶ፣ እዚያው መኪናው አጠገብ ቆሞ ሳይተነፍስ ጨለጠው። ሲገባ ከበቡሽ ዞራ ትጠብቀዋለች።

«ጨው በዝቶበት ነበር ማለት ነው» አለችው።

«ኧረ ብዙ ስላወራሁ ጉሮሮዬ ደርቆ...»

«ለጌ።»

ለገሰ መኪናውን አላስነሳም።

«በጣም ነው?»

«ሁለቴ ነው የተደረገበት» አላት።

አንገቷን አቀረቀረች። በቀለበቷ ላይ ያለውን ክር በአውራ ጣቷ ታሻሸው ጀመር። «እና ልክ ነው አልኩ» አለች። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።»

«ማንም አልፈረደብሽም፣ ከበቡ።»

«ምን ላድርግ? አንተ ፊቴን እንደዚያ እያየኸኝ የለውም ልበልህ?»

«ምንም ጣዕም አልተሰማሽም? ትንሽም?»

አሰበች። ለገሰ አሁንም፣ አሁንም እንኳ፣ አንድ ነገር ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። ቅመም፣ ቅቤ፣ የሆነ ነገር ከጠራች ነገ ሄዶ እሱን ይገዛል።

«ትኩስ ነበር» አለች። «ትኩስ መሆኑ ይታወቀኛል።»

ከማደያው መብራት ሥር የፎይሉን ጠርዝ ፈታች። ከውስጡ ቦጨቅ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተችና፣ ፊት ለፊቷን እያየች ታላምጥ ጀመር። «ሰኞ ሚዛን አለብኝ አይደል» አለች።

ለገሰ ተይው፣ ጨው ነው ሊላት ፈለገ። ብዪ ሊላትም ፈለገ። እሷ ስታላምጥ ቁልፉን አዙሮ መኪናውን አስነሳ።