የቶኩዞ ተራ

ሱጊዬ በምትኖርበት መንደር ያለው ቤተ መቅደስ ስሙ «ስምንት ሰንደቅ» ነው። በአገሩ ጽሕፈት ሰንደቅ የሚለው ቃል በአንድ ፊደል ይጻፋል፤ የፊደሉ ግራ «ጨርቅ»፣ ቀኙ «ተራ» ማለት ነው። የመከር በዓል ሰንደቅም በረጅም ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው በተራ ነው። ድሮ ሠላሳ አንድ ቤት ይፈራረቅበት ነበር። አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ባልቴት ሱጊዬና ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ቶኩዞ።

ዘንድሮ ተራው የቶኩዞ ነበር። ነገር ግን ከሁለት ወር በፊት ወድቆ ዳሌው ተሰበረና ልጁ ከተማ ወሰደችው። በበዓሉ ዋዜማ ደወለ።

«ሱጊዬ፣ ነገ ተራዬ ነበር።»

«እኔ እሰቅልልሃለሁ።»

«አንቺ? ያንን ምሰሶ? ጃንጥላሽን እንኳ ነፋስ ሲነጥቅሽ አይደል የኖርሽው?»

«አንተስ መቼ አንስተኸው ታውቃለህ? የሚሸከመው ባሌ፣ የምታቃስተው አንተ።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ የሰንደቁን ሣጥን ስትከፍት አይጥ ሰንደቁን በልቶታል። ሰንደቁ ላይ ከተጻፈው ከዚያ ፊደል «ጨርቅ» የሚለው ወገን ተርፎ «ተራ» የሚለው የለም። ከአንሶላዋ ቀድዳ ጣፈችው፣ ቀለም በጠበጠችና የጎደለውን በብሩሽ ጻፈች። የመጨረሻው ጭረት ተንጋደደ። እንዳለ ተወችው።

ምሰሶውን ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከጉልበቷ ቁመት በላይ አልተነሣላትም። በመጨረሻ በሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ወጥራ ሰንደቁን ሰቀለችበት፤ ጫፉ ሣሩ ላይ ተጎተተ። ሩዝና መጠጥ አቅርባ፣ እንደ ወጉ ሁለቴ አጨብጭባ ጸለየችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ማንም አልመጣም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቶኩዞ ደወለ።

«ተሰቀለ?»

«ተሰቀለ።»

«ከወንዙ ማዶ፣ ከቤቴ ደጅ ይታያል?»

ሱጊዬ ሣሩ ላይ የተኛውን ጫፍ አየች። «ጥርት ብሎ።»

«ልጄ ቤቱን ልትዘጋው ነው። አልመለስም፣ ሱጊዬ።»

«ገባኝ።»

«የከርሞው ተራ ያንቺ ነው።»

«የኔ ነው።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያም የኔ ነዋ። መድኃኒትህን በደንብ ዋጥ።»

ጤዛ ሳይወርድ ሰንደቁን አወረደች። ያን ያህል ርዝመት ያለው ጨርቅ ሲታጠፍ ወዲያና ወዲህ የሚይዝ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱን ጫፍ ዛፉ ላይ አሰረች፣ ሌላውን ይዛ ወጠረችው፤ ከዚያም እያጠፈች፣ በጉልበቷ እየተጫነች፣ ቀስ እያለች ወደ ዛፉ ሄደች።