ያልተፈረመው ሃያ ሦስተኛ ገጽ

ዱርሲቱ አሠልጣኟ ቤት ቀርቶ የነበረውን የልምምድ ደብተሯን እንደገና ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው። ሠላሳ ገጽ ነው። ሃያ ዘጠኙ ላይ የአሠልጣኟ የኦቦ ኩምሳ ፊርማ አለ። ሃያ ሦስተኛው ላይ የለም።

«ለእሱ ነው አይደል የመጣሽው?» አሉ የኦቦ ኩምሳ ሚስት አዴ ወርቅቱ፣ ጥቁር ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። ለዱርሲቱ ግን ከቁጣ የባሰ ሆነባት። ኦቦ ኩምሳ ከተቀበሩ ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ እሷ ከቀብሩ ወዲህ ሰበታ ስትመጣ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው፣ ያውም ለወረቀት።

«ማመልከቻው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለች አንገቷን ደፍታ።

ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሪካል ምህንድስና ክፍል ለመዛወር ሁለት ዓመት ተዘጋጅታለች። ገላን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እየሠራች ሒሳብ አጥንታ ፈተናውን አልፋለች። የቀራት ይህን ደብተር ማስገባት ብቻ ነው። አንድ ገጽ ሳይፈረም ከቀረ ግን አይቀበሉም።

አብሯት የሠለጠነው ከድሩ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገብቶ ነበርና ደብተሩን ከእጇ ወሰደው።

«ይቺን ነው? አንድ ክብ፣ አንድ ጭረት። ዓይኔን ጨፍኜ እፈርማታለሁ።»

«ተው ከድሩ።»

«ምን ተው ትይኛለሽ? አንቺ መሆን የምትፈልጊው ኢንጂነር ነው ቄስ?»

አዴ ወርቅቱ ከቁም ሣጥኑ በመሐረብ የተጠቀለለ ማኅተም አወጡ። «ይኸው፣ በፊርማው ፈንታ አንቺው ምቺበት፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። እሱም እንድትገቢ ነበር ምኞቱ።»

ዱርሲቱ ገጹን አየችው። በራሷ እጅ «ቡራዩ፣ የኦቦ ያደታ ወፍጮ ቤት። ኧርዝ፦ 4 ኦም» ተብሎ ተጽፏል። ኧርዝ ማለት ሞተሩ ውስጥ ሽቦ ቢላጥ ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል ሳይሆን ወደ መሬት እንዲወርድ የሚቀበር ብረት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻላል። ያን ቀን ዝናብ መጣ፤ ቸኮለችና ሳትለካ የፊተኛውን ገጽ ቁጥር ገለበጠች። መለኪያው ከቦርሳው እንዳልወጣ ግን ኦቦ ኩምሳ አይተዋል።

«ያልለካሽውን አልፈርምም» አሏት፣ ሠላሳው ገጽ አልቆ ሌሎቹን ሁሉ ሲፈርሙ።

«አንድ ገጽ ነው እኮ!» ብላ ደብተሩን ጥላላቸው ሄደች። አራት ወር ሆነው። በኋላ ሦስት ጊዜ ደወሉላት። ሊቆጧት መስሏት አላነሳችም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን አድርጎ ይቀመጥ ነበር» አሉ አዴ ወርቅቱ። «‹ልጅቷ ትመጣለች፣ ቡራዩ አብረን ሄደን እንለካለን› ይላል። እግሩ አብጦ እንኳ። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው የጫማውን ክር እኔ ፈታሁለት።»

ከድሩ ደብተሩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መለኪያው የት ነው?» አለች ዱርሲቱ።

አልጋ ሥር ነበር። ከፈተችው፤ ባትሪዎቹ አዲስ ናቸው።

ታክሲ ተራ ሲያደርሳት ከድሩ ሰዓቱን አየ። «ሰባት ሊሆን ነው። ቡራዩ ሄደሽ እስከ አስራ አንድ አትደርሺም።»

«አውቃለሁ።»

«አቦ፣ ሁለት ዓመትሽን እኮ ነው!»

ወደ ቡራዩ ታክሲ ሄደች። እሱም የመለኪያውን ቦርሳ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባላት።

ቡራዩ ስትደርስ ወፍጮው እየሠራ ነበር። ኦቦ ያደታ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ሆነዋል።

«አንዴ ያቁሙልኝ!» ብላ ጮኸች።

«አሁን ደግሞ ምን መጣ!» አለች እህሏን ይዛ ተራ የምትጠብቅ ሴት። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ።»

ሞተሩ ቆመ። ዱርሲቱ የኧርዙን ሽቦ ፈታች፣ ሁለቱን የመለኪያ ችካሎች ከግድግዳው አርቃ ተከለች፣ ቁልፉን ተጫነች። ስድሳ አንድ። ሽቦውን አጥብቃ ደገመችው። ስድሳ አንድ።

«ደህና ነው?» አሉ ኦቦ ያደታ።

«ሞተሩን ሲነኩት ምንም አይልዎትም?»

«አልፎ አልፎ እጄን ይነዝረኛል። እኔማ እርጅና ነው ብዬ።» ሳቁ።

ዱርሲቱ መሳቅ አልቻለችም። ግድግዳውን ተደግፋ ደብተሩን ገለጠች። አራቱን ሰርዛ ስድሳ አንድ ጻፈች። የፊርማውን ቦታ እንዳለ ተወችው።

ስልኳ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይላል። ለገንዘቡ ሳትሳሳ ኮንትራት ታክሲ ብትይዝ ምናልባት ትደርስ ይሆናል። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ኦቦ ያደታ፣ መዶሻ አለዎት? ረጅም ብረትም እንፈልጋለን» አለች። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ዛሬ ወፍጮው አይነሳም።»