ያልደረቁት እንስራዎች

አይናዲስ ጉንጯን ሳታስነካው የማንም ሸክላ እሳት አይገባም። ከይጁቤ ቁልቁል ባለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ደንቡ ይህ ነበር። ሴቶቹ ሁሉም በየቤታቸው ይሠራሉ፤ የሚያቃጥሉት ግን ባንድ ጉድጓድ፣ ባንድ ማገዶ ነው። በደንብ ያልደረቀ ዕቃ እሳት ውስጥ ከገባ በገላው የቀረው ውሃ ይፈላና ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም የጎረቤቱን ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ አይናዲስ እያንዳንዱን ዕቃ አንስታ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች። ከቀዘቀዛት «ይቆይ» ትላለች፤ ካልቀዘቀዛት «ይግባ»። ቃሏን የሚጠራጠር አልነበረም።

የላይኛው መንደር ገበሬ ግን ሌላ ነው። ውሃውን በእነሱ እንስራ ያስቀዳል፣ ጠላውን በእነሱ ጋን ያስጠምቃል፤ ከዚያ ዓይናቸው ይበላል ብሎ ልጁን ከፊታቸው ይሸሽጋል። ሲሞትባቸው እንኳ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ይህን የሚያህል ጉድ ያለ ሀፍረት ተሸክሞ መኖር እንዴት እንደሚቻል እሱ ነው የሚያውቀው።

በጣሊያን ጊዜ ነው፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል። የአይናዲስ አንድ ልጅ እንዳላማው ገንቦ በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ ሲወጣ ባንዳዎች ያዙት። አርበኞች ጥይት የሚያሻግሩት በገንቦ ነው የሚል ወሬ ነበር። ገንቦዎቹን አንድ በአንድ ሰባበሯቸው፤ ምንም አላገኙም። ምንም አለማግኘታቸው ግን ልጁን አላስፈታውም።

አይናዲስ ልጇ የታሰረበት የጣሊያን ምሽግ በር ላይ ዝናብ እየወረደባት ተቀመጠች። ሲያባርሯት ፈቀቅ ትላለች፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ ተመልሳ ትቀመጣለች። በመጨረሻ አስተርጓሚው መጣ።

«ምንጩን ሽፍቶች ይዘውብናል፤ በርሜሉም አልበቃም» አላት። «አዛዡ ትልልቅ እንስራ ይፈልጋል። ቅዳሜ ወታደር እንልካለን፤ ልጅሽም አብሮ ወርዶ ይሸከማል። እንስራው ከደረሰ እዚያው ይፈታልሻል። ካልደረሰ ወደ ደብረ ማርቆስ ነው።»

ወደ ደብረ ማርቆስ ከተወሰደ እስረኛ የተመለሰ አይናዲስ አላየችም። እየሮጠች ወረደች።

ከመንደሩ ሴት የቀረ የለም። የራሳቸውን ሥራ ጥለው ጭቃ ረገጡ፣ አበጁ፣ አለሰለሱ። የክረምት ነገር ሆኖ ግን ፀሐይ ጠፋች። እንስራዎቹን በየምድጃው ዙሪያ ደርድረው ሲያገላብጡ ሰነበቱ፤ ሕፃናቱ እንኳ ከምድጃው ርቀው በብርድ ተኙ።

ቅዳሜ ጧት ሁሉም እንስራውን አዝሎ ጉድጓዱ ዳር መጣ። አይናዲስ የመጀመሪያውን አንስታ ጉንጯን አስጠጋች። አፉ ደርቋል፤ ሆዱም ደህና ነው፤ ወፍራሙ ቂጡ ግን ቀዘቀዛት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ይብሳል። ሴቶቹ አፏን አፏን ያያሉ።

«ይግባ» አለች።

የእህቷ ልጅ ጥሩነሽ አጠገቧ ነበረች። የገዛ እንስራዋን ቂጥ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አክስቴ፣ ታች ታቹ እርጥበት ያለው አይመስልዎትም?»

«ደርቋል አልኩሽ እኮ። ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ እኔን የምታስተምሪኝ?»

ጥሩነሽ አፍራ እንስራዋን ሰጠች። አይናዲስም አፈረች። በዕድሜዋ እሳት ዳር ቆማ ዋሽታ አታውቅም ነበር። ቢሆንም አንድ ተስፋ ነበራት፤ እሳቱን በጣም ካዘገየችው የቀረው እርጥበት ቀስ ብሎ ይወጣ ይሆናል። ከአልጋ ሥር የከረመውን ደረቅ እንጨት በዳር በዳር ብቻ አስነካችና በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው እሳቱን ታስታምመው ጀመር። «ማንም እንዳይጨምር» አለች። ሴቶቹ ኩበቱንና ጭዱን ይዘው ጠበቁ። እንፋሎት በእንስራዎቹ አፍ እየተነነ ወጣ። መልካም ምልክት ነበር። እንዲህ እስከ ምሳ ሰዓት ቢቆይ ምናልባት ይተርፉ ነበር።

ግን ወታደሮቹ ቀደሙ። ገና በረፋዱ ከአፋፉ ላይ ብቅ አሉ፤ መሐላቸው እጁን ወደ ፊት የታሰረ ሰው አለ። አይናዲስ አካሄዱን ከዚያ ርቀት ለየችው፤ ከስቷል። ደስ አላት። ቀጥሎም ድንጋጤ ያዛት፦ ደርሰው ጥሬ ጭቃ ቢያዩ፣ አልደረሰም ብለው መልሰው ቢወስዱትስ?

«ጨምሩ» አለች። «ሁሉንም፣ እንጨቱንም ኩበቱንም።»

እሳቱ ተንቦገቦገ። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው እንስራ ፈነዳ። ድምፁ ጠመንጃ ነው፤ ከጠመንጃ የሚለየው ሸክላ ሠሪ ብቻ ነው። ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ ተራ በተራ፣ አንዱ ሌላውን እየሰበረ ተንጣጣ። ወታደሮቹ አፋፉ ላይ በደረታቸው ወድቀው ወደ ጢሱ ይተኩሱ ጀመር። ሴቶቹ መሬት ላይ ተነጠፉ።

እንዳላማው ብቻ ቆመ። ያን ድምፅ እየሰማ ነው ያደገው። የታሰሩ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ «አትተኩሱ፣ ሸክላ ነው፣ እናቴ ናት» እያለ ቁልቁል ሮጠ። ወታደሮቹ ያዩት ግን አርበኛ ሊያስጥለው ሲመጣ የሚያመልጥ እስረኛ ነው። ከኋላው መቱት። ተከበናል ብለው ስለ ነበር ሬሳውን እንኳ ሳያዩ ወደ ምሽጋቸው ሸሹ።

አይናዲስ ስትደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ሬሳው ሳይነሣ ወሬው ላይኛው መንደር ገባ። አርበኞች ጣሊያንን ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ላይ አድፍጠው ጠበቁት፤ የታሰረው ልጅ ጮኾ ምልክት ሰጣቸው፤ ጣሊያን ፈርጥጦ ሄደ ተባለ። በማግስቱ ያ ደጃቸውን ረግጦ የማያውቅ ገበሬ ጎንበስ እያለ ወደ ለቅሶው ገባ። ሴቶቹ ደረት መቱ፤ አልቃሿ በጀግና ዜማ ስሙን ከነአባቱ አነሣች። የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ሴቶች ከባዳ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። አይናዲስ ግን እንባ አልወጣት አለ። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ብትል ይህ ሁሉ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል፤ እንዳላማውም ለብቻው ይቀራል።

የላይኛው መንደር ሽማግሌ አንሙት መጥተው ከእግሯ ሥር ተቀመጡ። «እናቱ፣ አይዞሽ» አሏት። «እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች አትሞትም። ሲወድቅ ምን አለ? ለልጆቻችን እንድንነግር ነው።»

ጩኸቱን አብራት የሰማችው ጥሩነሽ ቀና ብላ አክስቷን አየቻት፤ ከዚያ አቀረቀረች።

«አልሰማሁትም» አለች አይናዲስ።