አፀደን የቀበርኩበት ዛፍ

በስደት በምንኖርባት አውሮራ ከተማ እኔ ሳልኖር የህንድ ፊልም የሚያይ የኛ ሰው የለም። "ጤናዬ ህንዷ" ይሉኛል። ከታች የሚሮጠውን ፊደል ማንበብ አልችልም፤ ተምሬ አላውቅም፣ ሳልማርም ከማንም አላነስኩም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰው ቤት እየሠራሁ ስኖር ሐሙስ ሐሙስ ሜዳ ላይ ሸራ ተወጥሮ የህንድ ፊልም ይታይ ነበር። ስድስት ዓመት አየሁ። ህንድ የሚያወራው በዓይኑና በቅንድቡ ነው፤ አፉን ማን ይሰማዋል? የተማሩት እንኳ ፊደሉ ስለሚፈጥንባቸው እኔ ካልተረጎምኩላቸው አይጥማቸውም።

ያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሮማን ቤት ተሰበሰብን። ሮማን ጎረቤቴ ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ ምላሷ ግን ከኔ አያንስም። ፊልሙን ሃቫና ስትሪት ካለው የህንዶች ሱቅ ገዝታ፣ "በረሃ ስለሚያቋርጡ ሰዎች ነው፤ ላንቺ የተሠራ ነው" አለችኝ። ሳቅሁ። ኪዳኔ ባይኖር ኖሮ እስከ መጨረሻው እስቅ ነበር።

ኪዳኔ የአክስቴ ልጅ የአፀደ ባል ነው። በሰባ ሰባት እሱ ቀድሞ ሱዳን ገባና፣ ይዘሽልኝ ነይ ብሎ ላከብኝ። ይዣት ወጣሁ፤ ያለ እሷ ደረስኩ። "በትኩሳት ሞተችብኝ። የመጨረሻዋን ውሃ በእጄ አጠጥቼ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ቀበርኳት፤ ጅብ እንዳያወጣት ድንጋይ ከመርኩባት" አልኩት። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሙት ዓመቷ ከፊት ያስቀምጠኛል። ሰው በተሰበሰበበት፣ "ለሚስቴ አፈር ያለበሰችልኝ እቺ ናት" ይላል። ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ በኖረበት ዘመን ሁሉ ቤተክርስቲያን ሳያደርሰኝ የቀረበት እሑድ የለም። ሌላ ሚስትም አላገባ።

ፊልሙ ሳይጀመር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል።

"እትዬ ጤናዬ፣ በመጋቢት ልሄድ ነው። ገዳሪፍ ላይ መኪና ያለው ሰው አግኝቻለሁ። አጥንቷን አውጥቼ አገሯ ቤተክርስቲያን አሳርፋታለሁ። ድንጋዩ ከዛፉ በየት በኩል ነው?"

ሰባ ዓመቱ ነው። አምና ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በከዘራ ነው የሚሄደው።

"በፀሐይ መውጫ" አልኩት። እንደ ዋዛ ነው ከአፌ የወጣው። ጻፈው።

ፊልሙ ተጀመረ። አንዲት ሙሽራ ባሏን ፍለጋ በግመል በረሃ ታቋርጣለች። አንዲት ጓደኛዋና አንድ መሪ አብረዋት አሉ።

"ጓደኛዋ ምን አለቻት መሰላችሁ? 'እሱ እስካሁን ሌላ አግብቶ ይሆናል፤ አንቺ እዚህ አሸዋ ብዪ' አለቻት" ብዬ ተረጎምኩ።

"ይሄን ሁሉ በአንድ ጥቅሻ?" አለች ሮማን።

"ዝም ብለሽ እዪ። የተማርሽው ምን ጠቀመሽ?"

ሳቁ። ኪዳኔም ሳቀ።

መሀል ላይ ሙሽራዋ ከግመሏ ወደቀች። ትኩሳት ነው። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። መሪው ሰማዩን አየና በዱላው ወደ ፊት አመለከተ። ጓደኛዋ አንዲት ዛፍ ሥር ጎትታ አስተኛቻትና ሻሿን አለበሰቻት።

የህንድ ሰው እኔን የት አየኝ? ማን ነገረው? ከመሪያችን ከጣሰው በቀር ያየን ሰው የለም፤ ጣሰው ደግሞ ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞቷል።

"ምን አለች?" አለ ኪዳኔ።

"አረፈች" አልኩ። "አሁን ይቀብሯታል።"

"ዓይኗ ይንቀሳቀሳል'ኮ" አለች ሮማን።

"የህንድ ሬሳ እንደዛ ነው። ትንሽ ቆዪ፣ ይዘፍንልሻል።"

የሳቀ የለም። ጓደኛዋ የውሃውን ኮዳ አንስታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና ሄደች። ዛፉ ሥር ያለችው እጇን አነሳች። አፏ ተንቀሳቀሰ።

የልጄ ልጅ ሄራን ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ከሥራ ወጥታ እኔን ልትወስድ መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

"ኖ፣ አያቴ" አለች። "እንደሱ አይደለም። 'አልሞትኩም፣ አትሂጂ' ነው ያለችው። አላይቭ ናት'ኮ።"

"አንቺ ደግሞ ህንድኛ የት ታውቂና?"

"እንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ አያቴ።"

ኪዳኔ ቴሌቪዥኑን አይደለም ያየው፤ እኔን ነው። የሻይ ብርጭቆዬን ላስቀምጥ ብል ጠረጴዛውን ስቼው ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ሮማን፣ ያቺ ምንጣፏን እንደ ልጇ የምትወድ ሴት፣ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

"ሄራን፣ አጥፊው" አልኩ።

"አታጥፊው" አለ ኪዳኔ። "ወደ ኋላ መልሺና ዛፉ ጋ አቁሚው።"

አቆመችው። ሙሽራዋ እጇን እንዳነሳች ቀረች።

"አሁን ተርጉሚልኝ፣ ጤናዬ።"

እትዬ ቀረ። የማላውቀውን ቋንቋ ስንት ዘመን ስተረጉም ምላሴ ተደናቅፎ አያውቅም፤ የማውቀው ላይ ሲደርስ ተሳሰረ።

"ጣሰው 'ጎሕ ሳይቀድ ካልሄድን ተይዘን እናልቃለን' አለ" አልኩ። "አልቀበርኳትም። ድንጋይም የለም። ትተነፍስ ነበር።"

"እሷ ምን አለች?"

"'ውሃውን ተዪልኝ' አለች።"

"ተውሽላት?"

አዎ ብል ማን ያየኛል? አንዲት ቃል ናት።

"አልተውኩላትም። ግማሽ ኮዳ ነበር። ይዤው ሄድኩ። እሱን ጠጥቼ ነው የደረስኩት።"

ሄራን አፏን በእጇ ያዘች። እኔን እንዲህ አይታኝ አታውቅም፤ በመንገድ ያገኘችኝ ባዳ መሰልኳት። እርግማን ጠበቅሁ። በከዘራው ቢለኝም እቀበለው ነበር። ኪዳኔ ግን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና የጻፈውን በቀስታ ሰረዘው። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠየቀኝ።

"ዛፉ ከመንገዱ ይርቃል?"

"አይርቅም።"

"ሰው ያልፍበታል?"

"ግመል ነጂዎች ያልፉበታል።" ለራሴ እንኳ ተናግሬው የማላውቀው ነገር መጣ። "ንጋት ላይ የግመሎቻቸውን ቃጭል ከኋላዬ ሰምቻለሁ። እሷ ካለችበት በኩል ነው የመጣው። አልተመለስኩም።"

እጁ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ ንዴት በሆነልኝ።

"እንግዲያው አጥንት ፍለጋ አይደለም የምሄደው፤ ነጂዎቹ አንስተዋት ይሆናል" አለ።

"ጋሽ ኪዳኔ፣ ሠላሳ ዓመት'ኮ ነው" አለች ሮማን።

አልሰማትም። "ፓስፖርት አለሽ?" አለኝ።

"አለኝ።"

"ዛፉን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ውሃውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።"

ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሽራዋ አሁንም እጇን አላወረደችም።

"እሺ" አልኩት።