ሲጠሩህ አትውጣ

መጀመሪያ ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ፈረስ አይደለም፤ የብዙ። ከላይ ከተራራው ይምጣ ከታች ከመንገዱ መለየት አልቻልኩም፤ ጭጋጉ ድምፁን ከአራቱም ማዕዘን ያመጣዋል። እጄን ብዘረጋ ጣቶቼን አላያቸውም፤ ሁሉም ነጭ ነው። ሄለን ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ አንገቴን አንቃዋለች። አምስት ዓመቷ ነው። ልቧ ጀርባዬን ሲደቃው ይሰማኛል፤ ወይም የራሴው ልብ ነው።

«ኖህ!» ብዬ ጮህኩ። «ኖህ! እኔ ነኝ! ቲቸር ነኝ!»

የመለሰልኝ ኮቴው ብቻ ነበር።

ኖህ የሄለን ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰባት ዓመት ገና መያዙ። አባታቸው ሆላንዳዊ ነው፤ የብቅል ገብስ ዘር የሚያባዛ ፕሮጀክት ቀጥሮት ቤተሰቡን ይዞ አሰላ ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። እናታቸው ትንሳኤ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች፣ ሆላንድ ለትምህርት ሄዳ እዚያው አግብታ የቀረች ናት። ልጆቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም። ጠዋት በአባታቸው ቋንቋ ንባብና ሒሳብ እሷ ታስተምራቸዋለች፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ አማርኛው የእኔ ነው። አማርኛውን እሷ ትናገረዋለች እንጂ ለማስተማር ትዕግሥት የላትም፤ እኔ ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ቤት የተቀመጥኩ፣ ከሰው ይልቅ ከደመና ጋር የምውል ወጣት ነኝና ጊዜ ሞልቶኛል።

«ነገ ሌላ አገር ሊመድቡን ይችላሉ» ትለኛለች ትንሳኤ። «ትምህርት ቤታቸው እኔ ከሆንኩ የትም አብሬያቸው እሄዳለሁ።»

ፈሪ ናት። ስድብ አይደለም ይሄ። አምና መንገድ ላይ ሰው ታገተ የሚል ወሬ ከተማውን ካመሰው ወዲህ የግቢውን ቆርቆሮ አስቀጥላ ሽቦ አስጠምጥማበታለች። ልጆቹ ሰማይ የሚያዩት በዚያ ሽቦ በኩል ነው። ያን ሰሞን ከኖህ ጋር የምናነበው መጽሐፍ ላይ የተልባ አበባ ሥዕል አለ፤ ሰማያዊ። ጣቱን አሳርፎበት፣ «ይሄ ውሸት ነው፤ ሰማያዊ ማሳ የለም» አለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ የጭላሎ ግርጌ በመስከረም ተልባ ሲያብብ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ። እናቱን ለመንኳት። እንቢ አለች፤ ለመንኳት። ባለባጃጁ ጅብሪል አድርሶን ሊመልሰን ቃል ሲገባ ነው እሺ ያለችው።

ጅብሪል አውርዶን ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ተልባውን አገኘነው። ኖህ ማሳው ዳር ቆሞ፣ «እውነት ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጭጋጉ ከተራራው ወረደ። የሄለን ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረና ላወጣላት ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ኖህ የለም።

እኔ ያደግሁት ኢተያ አጠገብ ገጠር ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ከጠፋ የሚደረገው አንድ ነገር ነው። ኡኡ ይባላል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ ያልሰማው ከሰማው ይቀበላል። ለምን፣ የማን ልጅ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ኡኡ አልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ኮቴው የመጣው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ የፈረስ ራስ ብቅ አለ፤ ከአንገቱ በታች የለም፣ ጭጋግ ነው። ቀጥሎ ሌላ ራስ፤ ሌላም። ላስቲክ የደረቡ፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሰዎች ሽመላቸውን እንደያዙ ከበቡን። ሄለን ፊቷን ማጅራቴ ውስጥ ቀበረች።

«ኤሳ? የት ነው?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ ቡላ ፈረስ ላይ እንደተቀመጡ። በኋላ ቱፋ እንደሚባሉ፣ ከተልባው አጠገብ ያለው የገብስ ማሳም የእሳቸው እንደሆነ አወቅሁ።

«እዚችው ጋ። የእህቱን ጫማ ሳወጣ… ሰባት ዓመቱ ነው። ቢጫ ሹራብ ለብሷል።»

«የፈረንጁ ልጅ ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ። «እሱማ ከጭጋጉ በምን ይለያል?»

ሳቅ ተሰማ።

«ሁለት ልጅ መጠበቅ ያቃተው ደግሞ ቲቸር ይባላል» አለ ሌላው።

«አፋችሁን ያዙ!» አሉ ጋሽ ቱፋ። ወደኔ ዞረው፣ «አንተም ጃባዱ፣ በርታ እንጂ! ልጅቷን ትጥላታለህ።»

ተበተኑ። ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ቁጥቋጦውን በሽመል እየገፉ፣ «ኖህ! ና ልጄ! ኖህ!» ይላሉ። አንዱ ከወዲያ ያፏጫል፤ ሌላው ከወዲህ ይመልሳል። ከማሳው በታች ፈፋ አለ። የክረምቱ ውኃ ገና አልጎደለም፤ ሲያጓራ ይሰማል። ልጁ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ እርምጃ ሲስት ታየኝ። ይህን ሐሳብ ስገፋው ሌላ መጣ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም አላውቅም። ልጁን የወሰደው ሰው ከመሀላቸው ሆኖ አብሮን እየጠራው ቢሆንስ? ፊታቸውን ማየት ፈለግሁ፤ ፊት የላቸውም፤ ጥላ ናቸው።

ስልኬ ጠራ። ትንሳኤ ናት።

«ወንዴ፣ ምነው ዘገያችሁ?»

«እትዬ… ኖህ ጭጋግ ውስጥ… እየፈለግነው ነው። ብዙ ሰው አለ። ባለፈረሶች ደርሰውልናል፣ እየጠራነው ነው።»

«ማን ነው የሚጠራው?»

«ሁላችንም። የአካባቢው ሰው።»

«አትጥሩት!» አለች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ወንደሰን፣ በናትህ፣ ዝም አስብላቸው! እሱ እኮ…»

ኔትዎርኩ ተቆረጠ። መልሼ ብደውል፣ ብደውል የለም። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ጠፍቶ አትጥሩት የምትል እናት! ደንግጣ የምትናገረውን ያጣች መሰለኝ።

ሄለን አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። ባለፈረሶቹ ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ቲቸር፣ ኖህ አይወጣም።»

«ለምን አይወጣም?»

«ተደብቋል። የማናውቀው ሰው ስማችንን ከጠራ ቁጭ ነው። ዝም ነው። እማዬ ናት ያለችው።»

«እኔስ? እኔ ጠርቼው የለም? እኔን ያውቀኛል።»

«ቲቸር ከማናውቀው ሰው ጋር ሆኖ ከጠራም አይወጣም። አስገድደውት ነው የሚጠራው።» ቀጥላም፦ «ሁልጊዜ ጠዋት እንለማመዳለን። እማዬ ትጠራለች፣ እኛ አንወጣም። እኔ እወጣለሁ። ኖህ ግን ሁልጊዜ ያሸንፋል።»

ከንባቡና ከሒሳቡ ሌላ ለካ ያ ቤት የሚያስተምረው ትምህርት ነበር። ልጁ አልጠፋም። ይሰማናል። በጠራነው ቁጥር እየሸሸን ነው፤ በአንድ በኩል እኛ አለን፣ በሌላው በኩል ፈፋው።

ወደ ጋሽ ቱፋ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ይመልሱልኝ! ሁሉንም ይመልሱልኝ!»

«ምኑን?»

«ሰዎቹን። ልጁ ተደብቆ ነው። እናንተን ፈርቶ ነው።»

«እኛ ምን አደረግነው?» አለ ያ ጎረምሳ እየቀረበ። «ጅብ ነን? ኡኡ ብለህ ጠራኸን፤ ማጭዴን ጥዬ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ ሂዱ?»

«ወንድሜ፣ እቤት የማታውቀው ሰው ሲጠራህ አትውጣ ብለው አስተምረውታል። ሽመል የያዘ ሰው ሲጠራው መውጣት አያውቅም።»

«ሲጠሩት እንዳይወጣ ልጅን ማን ያስተምራል?»

ጋሽ ቱፋ ከፈረሱ ወርደው ፊቴን አተኩረው አዩት። «ካልወጣስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሲመሽ ከጫካው ማን እንደሚወርድ ታውቃለህ። ኋላ ሰው ሁሉ ቆሞ እያለ አንድ ልጅ ለጅብ ተዉ እንድንባል ነው?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ሂዱ ያልከው አንተ ነህ። እኔ አይደለሁም።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ኖህን ካገኘሁት ይህን ቃል ማንም አያስታውሰውም። ካላገኘሁት በዚህ ምድር ላይ የምቆምበት ቦታ አይኖረኝም።

ሽማግሌው በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ሰዎቹ አጉረመረሙ፤ ያ ጎረምሳ እንትፍ ብሎ ፈረሱን አዞረ። ኮቴው ወደ ጠጠሩ መንገድ ራቀ። ጋሽ ቱፋም ሊከተሉ ልጓሙን ሳቡ፤ ቡላው ግን አንገቱን ገብሱ ውስጥ ከትቶ አልሰማ አላቸው። ሳቡት። አልሰማም። አንድ ጊዜ በሹክሹክታ ረገሙትና፣ «ብላ እንግዲህ፤ የራሴው ገብስ ነው» ብለው ልጓሙን ለቀው በእግራቸው ሄዱ።

ሄለንን አቅፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እርጥቡ ሱሪዬን ዘልቆ ገባ። ፈረሱ ገብስ ሲያመነዥክ፣ ውኃው ከታች ሲያጓራ፣ ሌላ ነገር የለም። ዝም ማለት እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስሙ በአፌ ሞልቷል። ልጠራው፣ ልጠራው ይለኛል፤ ከንፈሬን በጥርሴ ያዝኩት። የመጨረሻው ጥሪያችን ገፍቶት አሁን ውኃው ውስጥ ቢሆንስ? ቁጭ ብዬ የምጠብቀው የሌለ ልጅ ቢሆንስ? ነጩ እየጠቆረ ሄደ። ሄለን ቀዝቅዛ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ግን ቃል አልወጣትም። እሷም ተምራለች።

ፈረሱ ማመንዠኩን ተወ። ጆሮውን አቆመ።

ከዚያ ድምፅ መጣ፤ በጣም ቀጭን፣ በጣም ቅርብ። በአባቱ ቋንቋ ነው። ለእኔ አይደለም የሚያወራው፤ ለፈረሱ ነው። ፈረስ ስሙን አይጠራውም፤ ስለ ፈረስ ማንም አላስጠነቀቀውም። ጭጋጉ ሳሳ ሲል ቢጫው ሹራብ ታየኝ፤ እጁን ወደ ቡላው አፍንጫ ዘርግቷል። ብንቀሳቀስ የሚጠፋ መሰለኝ። ሄለን ከጭኔ ወርዳ ሄዳ እጁን ያዘችው።

«ሄዱ?» አላት በአማርኛ።

«ሄዱ።»

ከዚያ ወደኔ አየ። «ቲቸር፣ አስገድደውህ ነበር?»

«አላስገደዱኝም፣ ኖህዬ። ሊረዱኝ ነው የመጡት።»

ፊቱ አላመነኝም። ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። የመጣበትን ስመለከት በደረቱ ተኝቶበት የነበረው ሣር እንደተጋደመ ነው፤ ከዚያ እስከ ፈፋው አፍ አንድ እርምጃ አይሞላም።

ሁለቱንም ይዤ ፈረሱንም እየሳብኩ ጠጠሩ መንገድ ላይ ስደርስ ሰዎቹ አልሄዱም ነበር። አንድ ላይ ጮኹ፤ ኖህ እግሬ ሥር ሲሸጎጥ ጋሽ ቱፋ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ያ ጎረምሳ ብርድ ልብሱን አውልቆ ከሩቅ ወረወረልኝ። «አልብሰው። እኔን ከፈራ አንተ አልብሰው» አለ።

የጅብሪል ባጃጅ መብራቱን አብርቶ ሲመጣ ትንሳኤ ሳይቆም ዘለለች። የቤት ነጠላ ጫማ እንደተጫማች ነው። ተንበርክካ ራሱን፣ ደረቱን፣ እግሩን ዳበሰች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያዘች። አላለቀሰችም።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጅብሪል ከመሪው ላይ ሳይወርድ። «እትዬ፣ በሉ ግቡ፣ ልጁ በረደው። ባጃጄም እንዲህ ሮጦ አያውቅም፤ እሱም ይረፍ።»

ሰዎቹ ሳቁ። የሁላችንም ፊት ረጥቧል።

«እማዬ» አለ ኖህ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ዓይኑ ብቻ ያበራል። «ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቲቸርንም። ብዙ ጊዜ ጠሩኝ፤ አንድም ጊዜ አልወጣሁም።» ፈገግ አለ። «አሸነፍኩ፣ አይደል?»

ጉንጩ ላይ የነበረው እጇ ቆመ።

እንዲህ ሲላት ጠዋት ጠዋት የምትመልስለት ነገር ይኖራል፤ እሱን ነው የሚጠብቀው። አፏን ከፈተች። ጋሽ ቱፋን አየች፤ ሽመላቸውን መሬት ላይ ተክለው የቆሙትን ሰዎች አየች፤ ብርድ ልብሱን ሰጥቶ በሸሚዝ የቀረውን ጎረምሳ አየች። የሁላቸውም ፊት ላይ ትንሽ ትንሽ ቆየች። አፏ ተመልሶ ተዘጋ።

ተነሳች። የኖህን እጅ አንስታ በእኔ እጅ ውስጥ አስቀመጠችው። ወደ ባጃጁ አይደለም የዞረችው፤ ወደ ከተማውም አይደለም። ጠጠሩን ይዛ ሽቅብ፣ ወደ ተራራው በኩል መራመድ ጀመረች። አዎ ብትለው እነዚህን ሰዎች ልትክድ፣ አይ ብትለው ራሷ ያስተማረችውን ልታፈርስ ነው፤ ከሁለቱም የምትሸሽ መሰለኝ።

«እትዬ!» አለ ጅብሪል። «እትዬ፣ ወዴት ነው? ባጃጁ ወዲህ ነው!»

«አሸነፍኩ፣ አይደል?» አለ ኖህ እንደገና፤ አሁን የሚያየው እኔን ነው።

ዞር አላለችም። ጭጋጉ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ወገቧን ወሰደው፤ ቀጥሎ ምንም አልቀረም።